የባክቴሪያ ጉርብትና፦ ከማዕድን ዋሻ እስከ ሕፃን አንጀት

በሰሜን ካሊፎርኒያ አይረን ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ። ሆዱ ውስጥ ሪችመንድ የተባለ፣ ሥራ ካቆመ የቆየ የማዕድን ዋሻ ይገኛል። እዚያ የሚፈሰውን ነገር ውሃ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ከመኪና ባትሪ አሲድ ጋር ይወዳደራል፤ ሙቀቱም 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከዋሻው ከተቀዱት ናሙናዎች የአንዱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከዜሮ በታች 3.6 ሆኖ ተለክቷል። ትምህርት ቤት ፒኤች ከ0 እስከ 14 ነው ተብለን ነበር።

በዚህ አሲድ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ስስ ነገር ይንሳፈፋል። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚይዘውን ስልባቦት አስቡት። ይህኛው ስልባቦት ግን ሕይወት አለው። በአጉሊ መነፅር ሲታይ እርስ በርስ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነሱም ጋር አርኬያ አሉ። አርኬያ ሲያዩዋቸው ባክቴሪያ ይመስላሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ግን ሌላ ነው።

በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጂል ባንፊልድ በዚህ ዋሻ ለዓመታት ተመላልሰዋል። የመጀመሪያ ሙያቸው ጂኦሎጂ ነው። የማዕድን ሰው ናቸውና ጥያቄያቸው ድንጋይ እንዴት ይሟሟል የሚል ነበር። መልሱ የተገኘው ግን ድንጋዩን ከሚበሉት ዘንድ ነው። በግድግዳው ያለው ፓይራይት ብረትና ድኝ የተዋሃዱበት ማዕድን ነው። ተሕዋስያኑ ከብረቱ ኤሌክትሮን እየወሰዱ ኃይል ያገኛሉ። በዚያው ሂደት ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። እንግዲህ ሌላውን ሁሉ የሚገድለውን አሲድ የሚያመርቱት ራሳቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ጤና ጉዳይ ለመድረስ ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

ማይክሮባዮሎጂ የተወለደው በመነጠል ነው። ሮበርት ኮክ በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ለይተው ሲያሳዩ መንገዱ ግልጽ ሆነ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርሙን ከበሽተኛው ውሰድ፣ ለብቻው አሳድግ፣ ለእንስሳ ስጥ፤ ያው በሽታ ከመጣ ጥፋተኛው ተያዘ። አንድ በሽታ፣ አንድ ጥፋተኛ። ለቲቢና ለኮሌራ ይህ ዘዴ ሠርቷል፤ ዛሬም ይሠራል። ስንቱን ሰው ከሞት ያተረፈ አስተሳሰብ ስለሆነ ላጣጥለው አልፈልግም።

ችግሩ ሌላ ነው። ከአፈር ወይም ከሐይቅ ትንሽ ናሙና ወስዳችሁ በአጉሊ መነፅር ብትቆጥሩ አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። ያንኑ ናሙና ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ብትዘሩት ከመቶው አንዱም ላይበቅል ይችላል። ጄምስ ስቴሊ እና አለን ኮኖፕካ በ1985 ይህን «ታላቁ የሳህን ቆጠራ እንቆቅልሽ» ብለውታል። የቀሩት ሞተው ነው እንዳንል ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ሳህኑ ላይ የሌለ ነገር ፈልገው ነው እንጂ። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ነገር ደግሞ ጎረቤት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚገርመኝ የጃፓን ተመራማሪዎች ታሪክ ነው። ከጥልቅ ባሕር ወለል ጭቃ አወጡ። በውስጡ ያለውን አንድ አርኬያ ለማሳደግ ሞከሩ። ውጤታቸውን በ2020 ሲያሳትሙ ከጀመሩ 12 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ይኼኛው ከ14 እስከ 25 ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ ሁሉ ትዕግሥት በኋላም ብቻውን አልኖር አለ። ምግቡን ሲሰባብር ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ከተጠራቀመ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ሃይድሮጅኑን የሚበላለት ሌላ አርኬያ አጠገቡ መኖር አለበት። የአንዱ ጥራጊ የሌላው ቀለብ ነው። ይህችን ሃይድሮጅን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ለብቻው የማይበቅለውን እንዴት ታጠኑታላችሁ? ዲኤንኤውን ታነባላችሁ።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። የሁሉንም ዲኤንኤ ከናሙናው በአንድ ላይ ታወጣላችሁ። ማሽኑ ግን ረጅሙን ጽሑፍ እንዳለ ሳይሆን ቆራርጦ ነው የሚያነበው። እጃችሁ ላይ የሚቀረው የብዙ ሰው ደብዳቤ ተቀዳዶ የተደባለቀበት ከረጢት ነው። ቁራጩ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ሁለት ፍንጭ አለ። አንዱ የእጅ ጽሕፈት ነው። እያንዳንዱ ዝርያ የዲኤንኤ ፊደላትን የሚደረድርበት የራሱ ልማድ አለው። ሌላው ብዛት ነው። ናሙናው ውስጥ በርከት ያለ ዝርያ ቁርጥራጩም በዚያው ልክ ይበዛል። ጽሕፈቱ የተመሳሰለውንና ብዛቱ የተቀራረበውን ለየብቻ ስትሰበስቡ ደብዳቤዎቹ ቀስ በቀስ መልክ ይይዛሉ።

የባንፊልድ ቡድን ዋሻውን የመረጠው ለዚህ ጭምር ነው። አሲዱ ብዙ ነዋሪ አያስገባም። ነዋሪው ጥቂት ከሆነ ከረጢቱም ይቀላል። በ2004 ከዚያ ሮዝ ስልባቦት የሁለት ተሕዋስያንን ጂኖም፣ ማለትም ጠቅላላ ዲኤንኤያቸውን፣ ሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ገጣጠሙ። አንዱንም ሳያሳድጉ ማለት ነው።

ከዚያ ሥራ እኔ የምወደው ግን ቁጥሩን አይደለም፤ አንድ ትንሽ ፍለጋ ነው። ዋሻው ውስጥ ናይትሮጅን ከየት ይመጣል? ከአየር ይዞ ለኑሮ እንዲሆን አድርጎ የሚያዘጋጅ ያስፈልጋል። ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲን የለም፤ ያለ ፕሮቲን ሕይወት የለም። ሁሉም የጠረጠረው በብዛት አንደኛ የሆነውን ሌፕቶስፒሪለም የተባለ ባክቴሪያ ነው። ጂኖሙ ሲገለጥ ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ዘረመሎች የሉትም። ሥራው የተገኘው በቁጥር አነስተኛ በሆነ የአጎቱ ልጅ ዘንድ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ካወቁ በኋላ ናይትሮጅን የሌለበት መኖ አዘጋጅተው ናሙናውን ጨመሩበት። ሌላው ሲደክም እሱ በቀለ። በ2005 ስም አወጡለት። መጀመሪያ ሥራው ታወቀ፤ ስሙ ኋላ መጣ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስለ ተሕዋስያን የምናነበው አብዛኛው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ማን አለ፣ ስንት ፐርሰንት ነው፣ ማን ጠፋ። ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ብቻ ብታዩ ያን ትንሽ ናይትሮጅን አቅራቢ ትርፍ ሰው አድርጋችሁ ታልፉት ነበር።

ከዋሻው በኋላ ባንፊልድ ኮሎራዶ ውስጥ ራይፍል የሚባል ቦታ ሄዱ። ድሮ ዩራኒየም ይጣራበት የነበረ ስፍራ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ተበክሏል። ውሃውን 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አሳለፉት። ባክቴሪያ ያስቀራል ተብሎ ላቦራቶሪዎች ፈሳሽ የሚያጠሩበት ማጣሪያ ነው። ከዚያ ያለፈውን ጠብታ መረመሩ። ባዶ መሆን የነበረበት ውሃ ውስጥ እጅግ ትንንሽ ባክቴሪያዎች ተገኙ። ቡድኑ በ2015 ባሳተመው ጥናት ከባክቴሪያ ዓለም ከ15 በመቶ በላይ የሚሸፍን ትልቅ የዘር ቅርንጫፍ ናቸው ብሏል። ጂኖማቸው አጭር ነው። ብዙዎቹ ለኑሮ የግድ የሆኑ ነገሮችን ራሳቸው መሥራት አይችሉም። በሌላው ላይ ተንጠላጥለው ነው የሚኖሩት።

ይህ የዩራኒየም ውሃ ወሬ ሩቅ ከመሰላችሁ ምላሳችሁን ጥርሳችሁ ላይ አሳልፉ። የዚሁ ቅርንጫፍ አባል የሆኑት ሳካሪባክቴሪያ አፋችን ውስጥ አሉ። አንዱ በ2015 ላቦራቶሪ ውስጥ ሲበቅል በሌላ ባክቴሪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነበር። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1683 ከጥርስ የተፋቀ ቆሻሻ በራሳቸው ሌንስ አይተው የሚርመሰመሰውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አፋችንን አይተናል። ማን በማን ላይ እንደተቀመጠ ያወቅነው ግን ገና ትናንት ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሲያዩት ከአሲድ ዋሻ ጋር ምንም አያገናኘውም። ለተመራማሪ ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁለቱም ቤት ነዋሪያቸው ጥቂት ነው። የሕፃኑ አንጀት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና እየተያዘ ያለ ሰፈር ነው። ባንፊልድ ከሐኪሙ ማይክል ሞሮዊትዝ ጋር ሆነው የዋሻውን ዘዴ እዚህ አመጡት። ከዳይፐር ላይ በየቀኑ ሰገራ መሰብሰብ፣ ዲኤንኤውን ማንበብ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ መከታተል። ከጀርባው ያለው ጭንቀት ትልቅ ነው። እነዚህን ሕፃናት የሚያጠቃ፣ የአንጀታቸው ግድግዳ የሚሞትበት ከባድ በሽታ አለ። የኮክ ዘዴ ለዚህ በሽታ አንድ ጥፋተኛ አልሰጠም። በአንዱ ሕፃን የታየው ባክቴሪያ በሌላው በሽተኛ አይገኝም፤ ጤነኛው ዘንድ ደግሞ ይገኛል።

በ2014 ከወጡት ሥራዎች አንዱ የሕፃናቱን ክፍል ራሱን መረመረ። የመታጠቢያ ገንዳ፣ የመመገቢያ ቱቦ፣ እጅ የሚነካው ቦታ ሁሉ። የተከታተሉት ሁለት ሕፃናት ብቻ ነበሩ፤ ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም በሕፃናቱ አንጀት የበዙት ተሕዋስያን በክፍሉ ውስጥም ተገኙ። ሕፃኑ ክፍሉን ያስይዛል፤ ክፍሉም መልሶ ሕፃኑን። የሆስፒታል ንጽሕና ሲባል የሚታየን ሁሉን ጠራርጎ መግደል ነው። ጥያቄው ግን ጠርገን ስንጨርስ መጀመሪያ ማን ይገባል ነው።

የእናት ወተት ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያሰበበት ይመስላል። በወተቱ ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛ የሆነው ጠጣር ነገር ሕፃኑ ሊፈጨው የማይችለው የስኳር ዓይነት ነው። ለማን ነው ታዲያ? ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ የሚባል ባክቴሪያ ይህን ስኳር አሳምሮ ይበላል። እናት ስታጠባ አብራ የልጇን ጎረቤት ትቀልባለች።

በጤና በኩል «ሰፈሩን ማስተካከል ያድናል» የሚለው ነገር ከሁሉ በላይ የተረጋገጠው በአንድ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል ይባላል፤ ባጭሩ ሲ. ዲፍ። ሰውየው ለሌላ ሕመም ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ ይወስዳል። መድኃኒቱ የአንጀቱን ነዋሪ ይጨርሳል። ሲ. ዲፍ ባዶ ቤት ያገኛል። ተቅማጡ ይጀምራል። በሌላ መድኃኒት ይታከማል፣ ይሻለዋል፣ እንደገና ይመጣል። በ2013 የኔዘርላንድ ሐኪሞች የጤነኛ ሰው ሰገራ አዘጋጅተው በቱቦ ወደ በሽተኞቹ አንጀት አስገቡ። ከ16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ፣ በድጋሚ ሲሰጥ ደግሞ በጠቅላላው 15ቱ ዳኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ ከመጉላቱ የተነሳ ሙከራው ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። በ2022 እና በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከሰገራ የተሠሩ ሁለት ምርቶችን ፈቀደ፤ አንዱ የሚዋጥ እንክብል ነው።

እንዴት እንደሚሠራም በከፊል ይታወቃል። ጉበት ወደ አንጀት የሚልከውን የሐሞት አሲድ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ሌላ መልክ ይቀይሩታል። ያ የተቀየረው ሐሞት ሲ. ዲፍን ያፍነዋል። ቀያሪዎቹ ሲያልቁ አፋኙም ያልቃል። እነሆ እንደ ዋሻው ናይትሮጅን፣ ቁም ነገሩ የሥራ ድርሻ ነው። አደጋ የለውም እንዳይባል ደግሞ፣ በ2019 ከተሰጠው ሰገራ ጋር መድኃኒት የተለማመደ ኢ. ኮላይ የገባበት አንድ በሽተኛ ሞቷል። ጎረቤት ስትቀበል ሻንጣውንም ነው የምትቀበለው።

ከዚህ ስኬት በኋላ ወሬው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጠ። ውፍረቱም፣ ድብርቱም፣ ካንሰሩም ከአንጀት ባክቴሪያ ነው ተባለ። አንዳንዱ ላይ ፍንጭ አለ። ብዙው ግን «አብረው ታዩ» ከሚለው አላለፈም። ሰው ሲታመም አመጋገቡ ይቀየራል፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ይተኛል። ባክቴሪያው በዚያ የተነሳ ቢቀየርስ?

አንዳንዴ ደግሞ የታየው ባክቴሪያ ጭራሽ እዚያ የለም። የላቦራቶሪ ኬሚካሎች ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ አያጣቸውም። ሰገራ ብትመረምሩ አያስቸግርም፤ እዚያ ሞልቷል። ናሙናው ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ግን የምታነቡት የኬሚካሉን ቆሻሻ ይሆናል። በ2014 የእንግዴ ልጅ የራሱ የባክቴሪያ ማህበረሰብ አለው የሚል ጥናት ብዙ አስወራ። በ2019 ከ500 በላይ እናቶችን የመረመረ ሌላ ጥናት ይህን ማህበረሰብ አላገኘውም፤ አብዛኛው ምልክት ብክለት ነበር። በ2020 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ካንሰርን በዕጢው ውስጥ ባለ የተሕዋስያን አሻራ መለየት ይቻላል ያለ ጽሑፍም በ2024 ተሽሯል። እኔ እነዚህን ውድቀቶች የሳይንሱ ነውር አድርጌ አላያቸውም። ስህተቱን ያጋለጡት እዚያው ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ነውሩ ያለው የተሻረውን ወሬ ይዞ መሸጡን በሚቀጥለው ገበያ ላይ ነው።

ገበያው ደግሞ ሰፊ ነው። ሰገራችሁን ላኩ፣ ዝርዝር እንልክላችኋለን የሚል አለ። ዝርዝሩ ይመጣል። ምን ታደርጉበታላችሁ? ሐኪማችሁም ግራ ይገባዋል። ፕሮባዮቲክስም፣ ጥሩ ናቸው ተብለው የሚዋጡት ሕያው ባክቴሪያዎች፣ እንደዚሁ ነው። በ2018 በእስራኤል ዋይዝማን ተቋም በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ከፀረ ባክቴሪያ በኋላ ፕሮባዮቲክስ የወሰዱት የቀድሞ ተሕዋስያናቸው ከመመለስ እንደዘገዩ አሳይቷል። እንግዶቹ ገብተው በሩን ዘጉት ማለት ነው። ሁሉም ፕሮባዮቲክ ከንቱ ነው አላልኩም። «ጥሩ ባክቴሪያ» የሚለው መለያ ግን ብቻውን ትርጉም የለውም። ለማን፣ በየትኛው ሰፈር?

እንግዲህ ሃይድሮጅኗ።

በዋሻው ተሕዋስያን ዲኤንኤ ውስጥ ባንፊልድ የሚደጋገሙ ቁራጮች አስተውለው ነበር። ክሪስፐር ይባላሉ፤ ባክቴሪያ ያጠቃውን ቫይረስ የሚያስታውስበት መዝገብ ነው። በ2006 ስለዚህ ነገር ለመነጋገር እዚያው በርክሌይ ላሉት የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ጄኒፈር ዱድና ደወሉ። ቀሪው ዝነኛ ነው፤ ክሪስፐር ዘረመል ማረሚያ መሣሪያ ሆነ፤ ዱድና ከኤማኑኤል ሻርፖንቲዬ ጋር በ2020 ኖቤል ተሸለሙ። ባንፊልድና ዱድና አሁን መሣሪያውን ወደመጣበት ሰፈር እየመለሱት ነው። በ2021 መጨረሻ ቡድኖቻቸው አንድን ባክቴሪያ ከማህበረሰቡ ሳያወጡ ዘረመሉን ለይቶ ማረም እንደሚቻል አሳዩ። የሞከሩበት አንዱ ማህበረሰብ ከሕፃን አንጀት የመጣ ነው። በ2023 ለዚሁ ሥራ 70 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ዒላማዎቹ ሁለት ናቸው፤ የሕፃናት አስምና ከላም የሚወጣው ሚቴን የሚባል ጋዝ።

ላሟ ሳር ስትበላ ሳሩን የሚሰባብሩት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ናቸው። ሲሰባብሩ ሃይድሮጅን ይወጣል። ልክ እንደ ጃፓኖቹ ጭቃ፣ የሚወስድ ካልተገኘ ሥራው ይጓተታል። የሚወስዱት አርኬያ ናቸው፤ ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አገናኝተው ሚቴን ያደርጉታል። ላሟ ታገሳዋለች። ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ80 እጥፍ በላይ ያስከነዳል።

በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤርሚያስ ክብረአብ እና ባልደረቦቻቸው በ2021 አስፓራጎፕሲስ የተባለ ቀይ የባሕር አረም በጥቂቱ ከሰንጋ መኖ ጋር ቀላቀሉ። ሚቴኑ እስከ 80 በመቶ ድረስ ወረደ። ችግሩ አረሙ በየቀኑ መሰጠት አለበት፤ ሜዳ ላይ የሚውል ከብት በየቀኑ ማን ይቀልበዋል? የዘረመል አርሚዎቹ ሐሳብ ጥጃው ገና ሳለ፣ አንጀትና ጨጓራው እንደዚያ ሕፃን እየተያዘ ባለበት ሰዓት፣ አንዴ ገብቶ ሰፈሩን ማቅናት ነው።

በዚያው የሰንጋ ሙከራ ግን አንድ ሌላ ቁጥርም ተመዝግቧል። ሚቴኑ ሲወርድ ከሰንጋዎቹ ትንፋሽ ጋር የሚወጣው ሃይድሮጅን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ተቀባዩ ተዘግቶበት ወደ ውጭ ፈሰሰ ማለት ነው። ያ ሃይድሮጅን የሚባክን ኃይል ነው። ወደ ሥጋና ወደ ወተት የሚያዞረው ሌላ ተሕዋስ እዚያው ጨጓራ ውስጥ አለ ወይ? ካለስ አርኬያዎቹ የለቀቁትን ቦታ ይይዛል ወይስ ሌላ ይቀድመዋል? የዘረመል አርሚዎቹ መመለስ ያለባቸው ይህንን ነው።